ማኅተምና መስፈሪያ፦ የይሁዳ ጋኖች ከጣና ዳር ሲታዩ

በብሉይ ኪዳን ወይንና ዘይት ከሚለኩባቸው መስፈሪያዎች ዋነኛው ባዶስ ሲሆን፣ በኋለኞቹ የአይሁድ ረቢዎች ስሌት አንድ ባዶስ 6 ኢን፣ አንድ ኢን ደግሞ 12 ሎግ ነው። የመስፈሪያዎቹ ዝምድና እንዲህ የጠራ ቢሆንም ባዶስ ስንት ሊትር እንደሚሆን ሊቃውንት አልተስማሙም፤ የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ከሰጠው መግለጫ 39 ሊትር ገደማ ሲወጣ፣ የአርኪዮሎጂ ሊቁ ዊልያም ኦልብራይት ጽሑፍ ካለባቸው ገሎች ተነሥቶ ወደ 22 ሊትር ዝቅ አድርጎታል።

በዚህ ክርክር ደጋግመው የሚጠቀሱት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን፣ ጆሯቸው ላይ «ለንጉሥ» የሚል የዕብራይስጥ ማኅተም የታተመባቸው የይሁዳ ጋኖች ናቸው። ከቃሉ ጋር ባለክንፍ ምስልና እንደ ኬብሮን ያለ የቦታ ስም ይታያል። ማኅተሙ የንጉሥ ከሆነ ልኩም አንድ ወጥ መሆን አለበት የሚለው ግምት ብዙዎችን ሲያሳምን ቆይቷል። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ባጠፋት በለኪሶ፣ ዳዊት ኡሲሽኪን በመራው ቁፋሮ ተገኝተውና ተጠግነው የተለኩት ጋኖች ግን ከ40 እስከ 50 ሊትር ገደማ የሚለያዩ ሆነው ተገኙ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 የታተመ የኒውትሮን ምርመራ ደግሞ የዚህ ዓይነት ጋኖች አፈር ከይሁዳ ቆላማ ምድር ከአንድ አካባቢ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። አፈሩም ማኅተሙም አንድ ሆኖ ይዞታው በ10 ሊትር ከተራራቀ፣ ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ባለቤቱ እንጂ ስለ ልኩ አይደለም።

ይህ ፍርድ ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይሆንም። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መንኮራኩር በእጇ የምታበጃቸው ጋን፣ እንስራና ማድጋ ደረጃቸው በስማቸው ቢታወቅም ሁለት ጋን ትክክል አይወጣም፤ በባሕር ዳር ገበያ ገዢዋ ጋኑን በጣቷ አንኳኩታ ስንጥቅ እንደሌለው በድምፁ ከለየች በኋላ ስንት እንስራ እንደሚይዝ የምትጠይቀውም ስለዚህ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ጠላ ሲጠነሰስበት፣ ውሃው የሚቆጠረው በሚገለበጠው እንስራ ነው። ትልቁ ዕቃ ማኖሪያ፣ ትንሹ መስፈሪያ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የቃናን የድንጋይ ጋኖች መጠን በእንስራ መስጠቱም ከዚሁ ልማድ ጋር ይስማማል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያን የልክና የሚዛን ታሪክ ሲያጠና ስሙ አንድ የሆነ መስፈሪያ ከአገር አገር መጠኑ እንደሚለያይ አሳይቷል።

ንጽጽሩ የዘር ሐረግ ፍለጋ አይደለም። ታቦተ ጽዮን አርፋበታለች የሚባለው የጣና ቂርቆስ ገዳም ትውፊት ታላቅ ክብር ይገባዋል፤ የጣና ጋን ከይሁዳ ጋን ወርዷል ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም። ጣና ለዚህ ጥናት የሚያበረክተው የአጠቃቀም ዕውቀትን ነው። ጠላ ጠማቂ ጋኑን እስከ አፉ አትሞላም፤ ጥንስሱ ሲፈላ ስለሚነሣ ከአንገቱ በታች ታቆመዋለች፤ በጥልል ውሃ ከሚለካው ይዞታም ብዙ ሊትር ይጎድላል። የባዶስን ሊትር ከተጠገኑ ጋኖች የሚያሰላ ተመራማሪም እስከ የት ተሞልቶ የሚለውን ከቁጥሩ በፊት መወሰን ይኖርበታል።