ገበታው፣ ማንኪያውና ጠራቢው
በሜላኔዥያ ሕዝቦች የእንጨት ሥራ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

ሥነ ጥበብን ከዕለት ኑሮ ነጥሎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የማየት ልማድ በአውሮጳ የገዢ መደቦች ባህል ሥር የሰደደ ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ሥዕልና ሐውልት «ጥበብ» ሲባሉ፣ ሕዝብ የሚበላበትና የሚሠራበት ዕቃ «እደ ጥበብ» ተብሎ በዝቅተኛ ረድፍ ይመደባል። የዚህን አከፋፈል ደካማነት ለመረዳት በደቡብ ምዕራብ ፓስፊክ የሚኖሩትን የሜላኔዥያ ሕዝቦች የእንጨት ሥራዎች በጥሞና ማጤን ይበቃል።

በኒው ጊኒ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኙት የታሚ ደሴቶች እጅግ ትንንሾች በመሆናቸው ለእርሻ የሚበቃ መሬት የላቸውም። ነዋሪዎቻቸው ግን ክዊላ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ገበታ እየጠረቡ፣ በጀልባ ወደ ዋናው ምድር እየወሰዱ በጎደሬና በሸክላ ድስት ይለውጡ ነበር። ገበታው እንደ ታንኳ ሞላላ ነው። ገጹ ይጠቁራል፤ በጎኑ የተቀረጹት ፊቶች በነጭ ኖራ ተሞልተው ከጥቁሩ መደብ ጎልተው ይወጣሉ። በበዓል ምግብ ይቀርብበታል፤ በጋብቻ ጊዜም የማጫ አካል ሆኖ ይሰጣል። የሲያሲ ደሴቶች መርከበኞች የቪቲያዝን ወሽመጥ እያቋረጡ እስከ ኒው ብሪቴን ያደርሱት ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ውበት የትርፍ ጊዜ ጌጥ አይደለም፤ የጠራቢው እጅ ካልተባ ደሴቱ ይራባል።

በሴፒክ ወንዝ ዳር የሚኖሩት የያትሙል ሕዝቦች ማንጠልጠያም ይህንኑ ያስረዳል። ምግብ የያዘው ከረጢት ከአይጥ እንዲጠበቅ ከጣሪያ የሚወርደው ይህ ዕቃ ከላይ የሰው መልክ፣ ከታች እንደ መልሕቅ ወደ ላይ የታጠፉ ክንዶች አሉት። ክንዶቹ ሸክሙን ሲሸከሙ፣ የቅርጹን ሚዛን የሚጠብቁትም እነርሱው ናቸው። ጌጡን ከአገልግሎቱ መለየት አይቻልም።

የይዘትና የቅርጽ አንድነት ይበልጥ የሚፈተነው ግን በደቡብ ምሥራቅ ፓፑዋ የኖራ ማንኪያ ላይ ነው። ቤተል የሚያኝክ ሰው ኖራውን ከቅል ውስጥ የሚያወጣበት ይህ ማንኪያ በጠባቡ የቅል አፍ እንዲገባ ምላሱ ስስ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የጠራቢው ጥበብ ሁሉ ወደ እጀታው ይሰበሰባል። በሱዋው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1860 ገደማ እስከ 1920 ገደማ የኖረው ሙቱዋጋ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ከበሮ የሚመታ ሰው ቀርጿል። የክዋቶው ሚሲዮናዊ ቻርልስ አቤል ደንበኛው ከሆነ በኋላ ብዙ ሥራዎቹ ለአውሮጳውያን ገዢዎች የተዘጋጁ ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እጅግ ከመግዘፋቸው የተነሳ ለቅል የሚመቹ አይደሉም። እጁ አልደከመም፤ የመስመሩ ጥራት ያው ነው። ይሁን እንጂ ቅርጹን ይገራው የነበረው የአገልግሎት ልጓም ሲላላ፣ ማንኪያው ማንኪያ መሆኑ በስም ብቻ ይቀራል። ገበያ ጥበብን ሳይገድል ዓላማውን ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከዕቃው አገልግሎት ጋር የጠራቢውም ስም ተገፏል። እ.ኤ.አ. በ1957 በኒው ዮርክ የተከፈተው ሙዚየም የእነዚህን ሕዝቦች ሥራ «ጥንተ ጥበብ» ብሎ ነበር የሰየመው፤ ስብስቡ በ1982 በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አዲስ ክፍል ለሕዝብ ሲቀርብም አብዛኛው ሥራ የሚታወቀው በጎሣና በአካባቢ ስም እንጂ በሠሪው ስም አልነበረም። ሙቱዋጋ ከዚህ ዕጣ ያመለጠው ሃሪ ቤራን የተባሉት አጥኚ ሥራዎቹን አንድ በአንድ አነጻጽረው በ1996 መጽሐፍ ስላሳተሙለት ነው። ስም አልባነት የሕዝብ ጥበብ ባሕርይ ሳይሆን የሰብሳቢው ቸልተኝነት ውጤት መሆኑን ይህ ጥናት አረጋግጧል።

በመሆኑም መምህሩም ሆነ የኪነ ጥበብ ባለሙያው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያጋጥመው «ያምራል» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። ምን ይያዝበት ነበር? ማን ጠረበው? በምንስ ተለወጠ? ብሎ ይጠይቅ። ውበቱ በእነዚህ ጥያቄዎች አይደበዝዝም፤ እንዲያውም ከየት እንደመጣ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።