የዳኛ ዲ ችሎትና የአውጫጭኝ ሸንጎ

ሆላንዳዊው ዲፕሎማት ሮበርት ቫን ጉሊክ እ.ኤ.አ. በ1949 ቶኪዮ ውስጥ ያሳተመው ትርጉም፣ ስሙ ያልታወቀ ቻይናዊ ደራሲ በ18ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን የወንጀል ልብ ወለድ ለውጭ አንባቢ አስተዋወቀ። ባለታሪኩ ዲ ሬንጄ እ.ኤ.አ. ከ630 እስከ 700 የኖረ የታንግ ሥርወ መንግሥት ሹም ነው። ቫን ጉሊክ በትርጉሙ ሳይወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ዳኛ ዙሪያ የራሱን ልብ ወለዶች አከታትሎ ጻፈ። የእነዚህ ሥራዎች ጥንታዊነት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሐር ቀሚሱ፣ በፋኖሱና በቤተ መቅደሱ ጢስ ነው። እኔ ግን ጥንታዊ የሚያደርጋቸው የማስረጃ ሕጋቸው ነው እላለሁ፤ ሤራው የሚቋጠረውም የሚፈታውም የዘመኑ ችሎት እውነትን በሚያጸናበት መንገድ ነው። የኢትዮጵያን የነገሥታት ዘመን መቼት አድርጎ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሊጽፍ የሚነሣ ደራሲም ከቫን ጉሊክ ሊወስድ የሚገባው ይህን ዘዴ እንጂ ሊቅ መርማሪውን አይደለም።

በንጉሣዊቷ ቻይና የወረዳው ሹም መርማሪም፣ ከሳሽም፣ ዳኛም ነበር። ችሎቱ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይዋላል፤ ተከሳሹ ካላመነ በቀር በከባድ ወንጀል አይፈረድበትም። ለማሳመን ግርፋት ተፈቅዷል፤ ሆኖም ተገራፊው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ራሱ ይጠየቃል። ቫን ጉሊክ በተረጎመው ልብ ወለድ ውስጥ ዳኛ ዲ ባሏን ገድላለች ብሎ የጠረጠራትን መበለት ይይዛል፤ መቃብር አስቆፍሮ አስከሬኑን ያስመረምራል፤ አንዲት ቁስል እንኳ አይገኝም። ሴትየዋን ያውቃታል፣ እኛም እናውቃታለን፣ ግን እውቀቱ ለፍርድ አይበቃም፤ አሁን ሥጋት ላይ ያለው የእሱ ሹመትና አንገት ነው። ስለዚህ በሌሊት የሲኦልን ችሎት ያስመስላል፣ ራሱ የሙታን ፈራጅ ሆኖ ይቀመጣል፣ መበለቲቱም ሞቼ ተከሰስኩ ብላ ትናዘዛለች። (ለዳኛ እንዲህ ያለ ቴአትር መፍቀድ የዛሬን የሕግ ሰው ሳይሰቀጥጠው አይቀርም።) ገዳዩ ሲታወቅ የሚያበቃ የአውሮፓ ልብ ወለድ ይህ ክፍል ባላስፈለገው ነበር። ቫን ጉሊክም ነገሩ ስለገባው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው በምስማር ስለተፈጸመ ግድያ በሚያወራው ልብ ወለዱ መልሶ ተጠቀመበት፤ እዚያም አስከሬኑ ወጥቶ ምንም ሳይገኝ ሲቀር ዳኛው ሹመቱን ለመልቀቅ ይዘጋጃል።

ወደ እኛ የነገሥታት ዘመን ስንመጣ የተለየ የማስረጃ ሥርዓት እናገኛለን። ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ለአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ ለአፈርሳታ፣ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል፣ የመጣውም ነገሩ ሳይወጣ ወደ እርሻው አይመለስም። ሰው ምሎ የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል፤ ምንጩ ግን «ወፍ» ነው እንጂ ስም የለውም። ጥፋተኛው ካልተገኘ ኪሣራውን አገሩ በሙሉ ያዋጣል። እዚህ ሸንጎ ላይ ብዙው ሰው ነገሩን ሳያውቀው አይቀርም፤ ምሥጢሩ ማን ሊናገር ይደፍራል የሚለው ነው። ጎረቤት፣ አማች፣ የክርስትና ልጅ የሆነን ሰው ማጋለጥ በአንድ ወገን፣ ያልበሉትን ዕዳ መክፈል በሌላ ወገን ቆመው ሰውየውን ይጎትቱታል። ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ የአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ፈር ቀዳጆች ፊታቸውን ወደ ዘመናዊው ከተማ ማዞራቸው ተገቢ ነበር፤ አውጫጭኝ የሚቆመው ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት መንደር ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን፣ ወይም ደምበል ሕንፃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የማይተዋወቅ ሰው ሲወጣና ሲገባ፣ ለእንዲህ ያለው ሸንጎ ማን ይጠራል? ለከተማው ፖሊስና የጣት አሻራ፣ ለነገሥታቱ ዘመን ግን መሐላና ወፍ።

ቫን ጉሊክ ራሱ ለታሪክ አልታመነም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የታንግን ሹም የሚንግን ዘመን ልብስና ልማድ አልብሶታል፣ ይህንንም አልደበቀም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ለውጥ ነው። የጥንቱ የቻይና ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ወንጀለኛውን ከመጀመሪያው ገልጦ ያሳያል፣ መናፍስትንም ያስገባል፤ እሱ ግን ገዳዩን እስከ መጨረሻ ሸሸገ፣ መናፍስቱንም ቀነሰ። ይህ ለምዕራቡ አንባቢ ልማድ የተከፈለ ዋጋ ነው፣ ኪሣራም ይመስለኛል። ክርክሬን ግን አያፈርስም፤ የልብሱ ዘመን ሲዛነፍ ሤራው አልተነካም፣ የኑዛዜው ግዴታ ቢወጣ ግን ዳኛ ዲ የቻይና ቀሚስ የለበሰ ሼርሎክ ሆምስ ሆኖ በቀረ ነበር። እንዲያውም የአማርኛ ደራሲ ቫን ጉሊክ የተወውን ሊያነሣ ይችላል። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንደረደረ የወደቀበትን ቤት የሚያስይዘው ሌባ ሻይ ለታሪኩ ጌጥ ብቻ አይሆንም፤ ልጁን የሚመራው ሰው ገመዱን ወዴት ይስባል የሚለው ራሱ የምርመራ ጥያቄ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ሸንጎ ጀግና አይሆንም፣ ምንጩ የማይጠየቅ ወሬም አንባቢ የሚከተለው ፍንጭ ሊሆን አይችልም። በከፊል እቀበላለሁ። ወፍ አይመረመርም፤ በቂም የተነገረውንና በዓይን የታየውን የሚለይ መስቀለኛ ጥያቄ የለም። በቡዳነት ለሚታማ ቀጥቃጭ ወይም ትናንት ለመጣ እንግዳ ይህ ሥርዓት ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ግን ችግሩ የሥርዓቱ እንጂ የልብ ወለዱ አይደለም፤ ለደራሲው እንዲያውም ሲሳይ ነው። አንባቢው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲመረምር ይገደዳል፦ ከብቱን ማን ነዳ፣ ወፏንስ ማን ላካት? ሁለተኛው ጥያቄ ዳኛ ዲ ያልገጠመው ነው፤ በእሱ ችሎት መስካሪ ፊቱን አሳይቶ ይናገራልና። ባለታሪኩም ምርመራውን የሚመራ ሹም መሆን የለበትም፤ እውነቱን እያወቀ ሦስተኛ ቀኑን በሸንጎው አጥር ውስጥ የዋለ፣ ማሳው በአረም የተዋጠበት ገበሬ ይበቃል።