ቧንቧው ሲያብጥ ግሉኮሱ ይቁም? አልትራሳውንድና በማሽን የሚተነፍስ ሕመምተኛ

አልትራሳውንድ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የምትላችሁ ነፍሰ ጡር እናት ሳትሆን አትቀርም። ልክ ናችሁ፤ በአገራችን መሣሪያው በብዛት የሚታወቀው በእርግዝና ክትትል ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፦ በመተንፈሻ ማሽን የሚረዳ ሕመምተኛ ፈሳሽ አንሶታል ወይስ በዝቶበታል የሚለውን እንዲመልስ።

ዘዴው ቀላል ይመስላል። ፕሮቡ ከደረት አጥንት ሥር ይደረጋል፣ ከእግርና ከሆድ ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም መላሽ ቧንቧ ይፈለጋል፣ ስፋቱ ይለካል። ቀጭን ሆኖ ከትንፋሹ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ «ግሉኮስ ይሰቀልለት»፣ ወፍራም ከሆነ «በቃው፣ ይቁም»። ዛሬ የምተቸው ይህን አቋራጭ ነው። መሣሪያውን አይደለም፤ እሱ ግሩም ነው። ችግሩ ከሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ማንበባችን ነው።

አንድ ከረጢት ምን ያመጣል?

እኛ ጋ ግሉኮስ እንደ ብርታት ይቆጠራል። «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ነገር ግን ፈሳሽም እንደ መድኃኒት ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ፊስት የተባለው ጥናት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናትን አካቷል። ሁሉም ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ነበሩ። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ውስጥ በ48 ሰዓት የሞቱት 10.5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ ነበሩ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌለበት ሁኔታ የተሠራ ጥናት መሆኑን ልብ በሉ።

ማሽን ባለበትም ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 1,000 በማሽን የሚተነፍሱ ሕመምተኞችን አወዳደረ። ፈሳሽ በቁጥብነት የተሰጣቸው ከመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት በአማካይ 14.6 ቀን ያለ ማሽን ተነፈሱ፤ በልግስና የተሰጣቸው 12.1 ቀን። በሞት ቁጥር የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ግን ሁለት ቀን ተኩል ቀድሞ የተለቀቀ ማሽን ለሌላ ሰው ይደርሳል።

አሁን ይህን ወደ ምዕራብ ሸዋ አምጡት። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ስትወጡ የጀልዱ ወረዳዋ ጎጆ ከተማ አለች። እንደዚህ ባለች ከተማ የሚታከም ሰው ፈሳሽ በዝቶበት ትንፋሹ ቢያጥር፣ ቀጣዩ እርምጃ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ነው። ስህተቱን የሚያርም ሌላ ክፍል ግድግዳው ማዶ የለም። ስለዚህ ፕሮቡን የያዘው ባለሙያ የሚያነበው ምልክት ትክክል መሆን አለበት።

ስፋት ግፊትን ነው የሚነግረን

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ በቱቦ ላስረዳችሁ። በጀልዱ ድንች በመስኖ ሲለማ፣ ከወንዝ በፓምፕ ውሃ የሚያመጣውን ጠፍጣፋ የላስቲክ ቱቦ አስቡ። ጫፉን በእግራችሁ ብትረግጡት ቱቦው ወዲያው ያብጣል። ታዲያ ወንዙ ሞላ ማለት ነው? አይደለም። መውጫው ስለተዘጋ ግፊቱ ጨመረ እንጂ።

ትልቁ ደም መላሽ ቧንቧም ግድግዳው ስስ ነው፤ በውስጡና በዙሪያው ባለው ግፊት ይሰፋል፣ ይጠባል። የቀኙ የልብ ክፍል ቢደክም ያብጣል። በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልብን ቢያፍንም ያብጣል። በአንጻሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ቢጨምር ይጨፈለቃል። በእነዚህ ሁሉ የሰውነቱ ፈሳሽ መጠን ያው ሊሆን ይችላል።

ማሽን ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ አሁን አየር ስትስቡ ደረታችሁ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ደም ወደ ልብ ይሳባል፣ ቧንቧው ይጠባል። ማሽኑ ግን አየር አይስብም፤ ይገፋል። የደረት ግፊት ይጨምራል፣ ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል፣ ቧንቧው ይሰፋል። በራሱ ከሚተነፍስ ሰው የተማርነውን ሕግ በማሽን ለሚተነፍስ ሰው እንዳለ መጠቀም የባትሪን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አዛውሮ እንደማሰር ነው።

መካከል ላይ ያሉትስ? በባብል ሲፓፕ የሚረዳ ሕፃን በራሱ ይተነፍሳል፤ ግን የአየር መውጫ ቱቦው ውሃ ውስጥ ስለተነከረ ሳንባው የማያቋርጥ ግፊት አለበት። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ ግፊቱም የ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ነው። ይህ ሕክምና በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች ከባድ የሳንባ ምች ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል፤ ከተለመደው የኦክስጅን አሰጣጥ ይልቅ ሕክምናው ያልሠራላቸውን ሕፃናት ቁጥር ቀንሷል። ለእነዚህ ሕፃናት ከሁለቱ የቧንቧ ሕጎች አንዱም በልኩ አልተሰፋም።

አንድ ሕመምተኛ፣ ሁለት መልስ

«በማሽን ለሚተነፍሱት የተለየ ቀመር አለ እኮ» የሚል ይኖራል። አለ፤ እንዲያውም ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው መጽሔት ሁለት የፈረንሳይ ቡድኖች አሳተሙ። አንደኛው የቧንቧውን ትልቅና ትንሽ ስፋት ልዩነት ለትንሹ አካፈለ፤ ድንበሩን 18 በመቶ አደረገ። ሌላው ልዩነቱን ለአማካዩ አካፈለ፤ ድንበሩ 12 በመቶ ሆነ። ከድንበሩ በላይ የሆነ ሰው ፈሳሽ ይጠቅመዋል።

እስቲ እስክሪብቶ ያዙ። ትልቁ ስፋት 2.2፣ ትንሹ 1.9 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በመጀመሪያው ቀመር 15.8 በመቶ፦ አትስጡ። በሁለተኛው 14.6 በመቶ፦ ስጡ። ያው ቧንቧ፣ ያው ሥዕል!

አሁን ደግሞ እጃችሁ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ትንሹን ስፋት በ1 ሚሊ ሜትር ብትስቱትስ? በመጀመሪያው ቀመር 1.8 ብላችሁ ከለካችሁ 22 በመቶ፣ 2.0 ካላችሁ 10 በመቶ ይወጣል። ስለ ሕይወት የሚወስን ቁጥር በአንድ ሚሊ ሜትር ከእጥፍ በላይ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ መሐንዲስ ይህን መለኪያ ብቻውን አያምነውም።

ሌላም አለ። በእነዚያ ጥናቶች ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚገፋው አየር ለአንድ ኪሎ ክብደት 8 ሚሊ ሊትር ገደማና ከዚያ በላይ ነበር። ዛሬ የተጎዳ ሳንባን ላለማቁሰል ወደ 6 ይወረዳል። ግፊቱ ሲያንስ የቧንቧው እንቅስቃሴም ያንሳል፤ ድንበሩ ግን የድሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ 540 በማሽን የሚተነፍሱ ሰዎችን ያየ ጥናት ዘዴውን ሲፈትሸው፣ ፈሳሽ ሲሰጣቸው ልባቸው የሚረጨው ደም ከሚጨምርላቸው ውስጥ ለይቶ ያገኘው 55 በመቶ ያህሉን ነው። ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው አመለጡት።

ሳንባውስ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ለአልትራሳውንድ ልመስክርለት። ድምፅ በውሃ ውስጥ ደህና ያልፋል፤ አየር ሲያጋጥመው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጤነኛ ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ ውስጡ አይታይም። በአየር ከረጢቶቹ መካከል ፈሳሽ ሲገባ ግን ልክ ብርጭቆ ውስጥ እንደተቀዳ አምቦ ውሃ አየርና ፈሳሽ ይደባለቃሉ። ድምፁ በመካከላቸው እየተንገላታ ይመለስና በስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ብሩህ መስመሮችን ይሠራል። እነዚህን መስመሮች ለሐኪሞች ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ዳንኤል ሊክተንስታይን ነው።

መስመሮቹ «ሳንባው ረጥቧል» ይላሉ፤ ለምን እንደረጠበ አይሉም። የሳንባ ምችም ያመጣቸዋል። ስለዚህ እንደ ፍሬን ተጠቀሙባቸው፦ ከግሉኮሱ በፊት ያልነበሩ መስመሮች ከግሉኮሱ በኋላ ከመጡ፣ ማቆም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ጥያቄውን እንቀይር። «ውሃው ምን ያህል ነው?» ከማለት «ቀጣዩ ከረጢት ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?» እንበል። ለዚህ ርካሽ ሙከራ አለ። በከፊል ቀና ብሎ የተኛውን ሕመምተኛ ከወገቡ በላይ ዝቅ፣ እግሮቹን ከፍ ታደርጋላችሁ። ወደ 300 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ የራሱ ደም ወደ ልብ ይመለሳል። በዚያች ደቂቃ ልቡ የሚረጨው ደም መጨመሩን በአልትራሳውንድ ታያላችሁ። ካልጨመረ እግሩን ማውረድ ነው፤ የገባ ፈሳሽን ግን እንዲህ በቀላሉ አታወጡትም። ሙከራው ቢሳካ እንኳ «ይጠቅማል» ማለት «ያስፈልጋል» ማለት አይደለም። የእናንተም ልብ አሁን ፈሳሽ ቢሰጠው ብዙ ሊረጭ ይችላል፤ ግሉኮስ ግን አያስፈልጋችሁም።

ይህ ሁሉ ልምድ ያለው እጅ ይጠይቃል፤ መሣሪያ ማከፋፈል ብቻውን አይበቃም። ከእናንተ መካከል ነገ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ወይም የሚገዛ አይጠፋም። ያን ቀን «መሣሪያው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ይህ ድንበር የተለካው በማን ላይ ነው? በራሱ በሚተነፍስ ወይስ በማሽን? በስንት ሚሊ ሊትር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ቁጥሩን ለጎጆው ሕመምተኛ አታውሱት።