«ዋይልድ» እና «ፎረስት»፤ ስለ ከፋ ቡና የእንግሊዝኛ ስያሜ

የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ «ዋይልድ» ለሚለው ቃል የዱር፣ «ፎረስት» ለሚለው ደግሞ ደን ወይም ጫካ የሚል ፍቺ ያገኛል። ስለ ከፋ ቡና በእንግሊዝኛ በሚጻፉ ጽሑፎች «ዋይልድ ኮፊ» እና «ፎረስት ኮፊ» የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ እየተለዋወጡ ስለሚገቡ፣ አንባቢው ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኛ ግን አንድ አይደሉም እንላለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንመልከት። በቦንጋ ዙሪያ ያለው ቡና ሁሉ አንድ ዐይነት አያያዝ የለውም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ፣ ሰው ፍሬውን ብቻ የሚለቅመው አለ፤ ይህ የጫካ ቡና ነው። ገበሬው በየዓመቱ በሥሩ የበቀለውን ቁጥቋጦ የሚመነጥርለት፣ የበዛውን ጥላ የሚያሳሳለት፣ ችግኙንም ከጥቅጥቁ ወደ ሳሳው ስፍራ የሚያዛውርለት አለ፤ ይህም ከፊል የጫካ ቡና ይባላል። ሦስተኛው በጓሮ የሚተከለው ነው። እንግዲህ «ዋይልድ» የሚለው ቃል በትክክል የሚስማማው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛውም ስም ሆኖ በተገኘ ጊዜ ግን የገበሬው የዓመት ድካም በአንድ ቅጽል ተሰረዘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቃሉ የሚያሳድረው ስሜት ነው። «ዋይልድ» ለአውሬ፣ ለማዕበል፣ ላልተገራ ሰውም ይነገራል። እርግጥ ነው፣ የነጋዴው ቋንቋ ቃሉን ለምስጋና ያውለዋል፤ ንጹሕ፣ የሰው እጅ ያልነካው ለማለት። ነገር ግን የሰው እጅ አልነካውም የተባለ ነገር ባለቤት የለውም ወደ መባል ይደርሳል። በከፋ ደኑ እንዲህ የተጣለ አልነበረም። ኮቦ በሚባለው ልማድ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ክፍል በቤተሰብ ተለይቶ ይታወቅ ነበር፤ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር።

«ፎረስት» ግን ከጥንትም ሕግ የተከተለው ቃል ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቃሉ ዛፍ የበዛበትን ስፍራ ሁሉ ሳይሆን፣ ለንጉሡ አደን በልዩ ሕግ የተከለለውን መሬት ያመለክት ነበር። ያ ሕግ ለድኻው ከባድ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቃሉ መሬትንና የሰውን መብት አብሮ ያስባል።

ይህን ስንል የዕፀዋት ሊቃውንትን ቃል ልንነቅፍ አይደለም። ዐረቢካ ቡና ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል ሲመዘገብ፣ ፍርዱ የተሰጠው ራሱ በሚበቅለው ቡና ላይ ነው። በዚህ ስፍራ «ዋይልድ» ማለት ግድ ነው፤ በደን ውስጥ የተተከለ ቡናም ስለሚገኝ «ፎረስት» አይበቃምና።

የስም ነገር ቀላል አይደለም የምንለው በማስረጃ ነው። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ይህን ተክል «ዐረቢካ» ብሎ ሰየመው። የተፈጥሮ አገሩ በተለይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ከታወቀ ወዲህም ስሙ እንደ ጸና ቀርቷል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲቀበል ግን ሐሳቡ የተሻለ ነበር፤ የዚህ ዐይነቱ ጥበቃ ተፈጥሮንና በውስጡ የሚኖረውን ሰው አብሮ ይመለከታልና።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ ተክሉ ዘር ሲነገር «ዋይልድ»፣ ሰው ጠብቆና ለቅሞ ለገበያ ስለሚያቀርበው ፍሬ ሲነገር «ፎረስት»፣ የተመነጠረለት ከሆነም «ሰሚ ፎረስት» ይባል። ከአማርኛ ወይም ከከፍኛ ወደ እንግሊዝኛ የምንተረጉም ተማሪዎች ለዚህ ልዩነት ካልተጠነቀቅን፣ ሌላው እንዲጠነቀቅልን ልንጠብቅ አይገባንም።