ከቡፌው መስታወት በስተጀርባ

አንድ ዕቃ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? አብዛኞቻችን መልሱን የምንፈልገው ከነጋዴው አፍ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዶ፣ ተከራክሮ ዋጋ ያስቀነሰ ሰው «አተረፍኩ» ብሎ ይመለሳል። የዕቃው ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ግን ቤት ከገባ በኋላ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ጋቢ በ3,650 ብር ተገዛ እንበል። እንደ ዳባትና ደባርቅ ባለ ብርዳም ደጋ የሚኖር አባወራ ለ5 ዓመት በየሌሊቱ ቢለብሰው፣ ለአንድ ሌሊት የወጣው 2 ብር ብቻ ነው። በዚያው ገንዘብ የተገዛ የብርጭቆና የሰሐን ስብስብ ግን ለሁለቱ ዒዶች ብቻ ከቡፌ ቢወጣ፣ በ5 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ አገለገለ፤ ለአንዱ ቀን 365 ብር ወጣበት። ገበያ ላይ እኩል የነበሩ ዕቃዎች ቤት ውስጥ እንዲህ ተራራቁ!

ለጎንደር ሙስሊም ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በአፄ ቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር ከተደረገ በኋላም በሽመናና በንግድ ሲተዳደር የኖረ ሕዝብ ነው። ሸማኔ ማጉን የሚያጠብቀው ልብሱ እንዲለበስ እንጂ ተጣጥፎ እንዲቀመጥ አይደለም።

ሆኖም ይህን ስሌት ብቻውን ሚዛን ማድረግ ስህተት ነው። ሲጋራ በየቀኑ ይጨሳል፤ ታዲያ ጠቃሚ ሆነ ማለት ነውን? ከፈን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ታዲያ ብክነት ነውን? ከሁሉ የከፋው ጉድለት ደግሞ የራሳችንን እጅ ብቻ መቁጠራችን ነው።

በሱረቱል ኢስራእ ገንዘብን ማባከን በብርቱ ተወግዟል። በሱረቱል ማዑን ደግሞ «ማዑንን» የሚከለክሉ ሰዎች ተወቅሰዋል። ብዙ ሙፈሲሮች ቃሉን ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሳቸው እንደ ድስት፣ ባልዲና መጥረቢያ ያሉ ተራ የቤት ዕቃዎች ናቸው ብለው ፈትተውታል። እኛስ? ቡፌ የሞላውን ሰሐን «ለእንግዳ ነው» እንላለን። ጎረቤት ለለቅሶ ወይም ለኒካህ ሲጠይቀን ግን «ይሰበርብናል» ብለን መስታወቱን እንቆልፋለን። ታዲያ ዕቃው እኛን አገለገለ ወይስ እኛ ዕቃውን እየጠበቅን አገለገልነው?

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከመግዛታችሁ በፊት «ስንት ጊዜ እጠቀምበታለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥላችሁም «ለማን አውሰዋለሁ?» በሉ። የተገዛውንም ከቡፌው አውጡት። በረመዳን የጎረቤት ፆመኛ የሚያፈጥርበት ሰሐን ለባለቤቱ አጅር ያስገኝለታል፤ ተቆልፎ የኖረው ሰሐን ግን ትርፉ አቧራ ነው። ቢሰበር እንኳ በሥራ ላይ ተሰበረ።

አላህ (ሱ.ወ) በሰጠን ሲሳይ ተጠቃሚዎችም ጠቃሚዎችም ያድርገን። አሚን።