ስለ «አዲስ ዓለም» መጽሐፍ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል፤ ዘመዶቹ በፈረንጅ ጠባዩ ይታዘቡታል፣ እርሱም የተዝካሩን ድግስ ይነቅፋል። መጽሐፉ በጢቾ በተነበበ ጊዜ ወጣቶቹ በካህናቱ ሳቁ፤ እኛ ካህናቱም አኰረፍን።

በእውነቱ የሳቁ ሚዛን አጋድሏል። ሽማግሌው በገዛ አንደበቱ ይያዛል፤ አወቀ ግን ሲሳሳት አይታይም፤ ስለዚህ ከሰው ይልቅ ስብከት ይመስላል። ቅኔ ቢሆን ኖሮ መምህራችን «ወርቁስ አለ፤ ሰሙ ወዴት ሄደ?» ባሉን ነበር። የካህናቱ ክርክር ግን እንዴት ያለ ነው! ደራሲው ራሳቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ስለ ነበሩ የእኛን አነጋገር ያውቁታል፤ ያስኰረፈንም ይኸው ነው። ሲመሽ አንድ አረጋዊ ቄስ ያ የተዝካሩ ገጽ እንዲደገምላቸው ጠየቁ።