እንጀራውን ማን ከለከላት? ስለ «ማይ 600-ፓውንድ ላይፍ»

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። ክብደት ለመቀነስ ባይፓስ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሁለት ዓመት አልፏታል። «አክስትዬ፣ ዘንድሮ ልጹም ብዬ ነበር። ግን ሥጋና እንቁላል ከተውኩ የሚቀረኝ ሽሮና ምስር ነው። እሱም ካርብ ነው፣ እንጀራውም ካርብ ነው። ታዲያ ምን ልብላ?» አለችኝ። ካርብ አትብዪ ያለሽ ማነው ብዬ ስጠይቃት የጠራችልኝ ሐኪሟን አይደለም። የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው የጠራችልኝ።

ፕሮግራሙ «ማይ 600-ፓውንድ ላይፍ» ይባላል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲኤልሲ በተባለው የአሜሪካ ቻናል ይተላለፋል። 600 ፓውንድ ማለት 272 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለታሪኮቹም በዚያ አካባቢ የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው። ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከተማ ወደሚገኙት ቀዶ ሐኪም ዩናን ናውዛራዳን ይሄዳሉ። ሐኪሙ በቀን 1,200 ካሎሪ፣ ፕሮቲን የበዛበትና ካርቦሃይድሬት ያነሰበት ምግብ ያዙላቸዋል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ቁጥሩ ከወረደ ምስጋና አለ፣ ካልወረደ ቁጣ። ወደ ቀዶ ሕክምናው የሚገባው ይህን ፈተና ያለፈው ነው።

እኔ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ከስልኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ብዙ ክፍሎችን አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጎን አለው። ቀዶ ሕክምና ተአምር አለመሆኑን እንደዚህ በግልጽ የሚያሳይ የመዝናኛ ፕሮግራም ብዙ የለም። ሳይንሱም በዚህ ይስማማል። ስዊድን ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ረጅም ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት በኋላ ከቀነሱት ክብደት የተወሰነው እንደሚመለስባቸው አሳይቷል። ያም ሆኖ በሞት ያጣናቸው ካላደረጉት ይልቅ ጥቂት ነበሩ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረውን ሥዕል ታስታውሱታላችሁ? ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። እዚህ ፕሮግራም ላይ ኃይል ሰጪው ወንጀለኛ ሆኗል። ዳቦ የበላ ሰው የተሳሳተ ሳይሆን የዋሸ ሰው ተደርጎ ነው የሚታየው። ትእዛዙ ይሰማል፣ ምክንያቱ ግን ተድበስብሶ ይታለፋል። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ደግሞ ትእዛዙ የት ላይ እንደሚያበቃ በምን ያውቃል?

እስቲ ምክንያቱን እንየው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካርቦሃይድሬት የሚቀነስበት አንዱ ምክንያት ጉበት ነው። በጣም ወፍራም ሰው ጉበቱ ብዙ ጊዜ በስብ ያብጣል። የጉበት የግራ ክንፍ ደግሞ የተቀመጠው ከጨጓራ ፊት ለፊት ነው፤ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያ አስገብቶ ጨጓራው ጋ ለመድረስ ያንን ክንፍ ገለጥ ማድረግ አለበት። ያበጠና የከበደ ጉበት አልነሳም ይላል፣ ሲነካም ሊደማ ይችላል። ለጥቂት ሳምንታት ካሎሪና ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ጉበት ውስጥ የተከማቸው ስብና ግላይኮጅን ይጎድላል፣ ጉበቱም ያንሳል። በቃ። ይህ የቀዶ ሐኪሙን መንገድ ማመቻቸት ነው፣ የዕድሜ ልክ ሕግ አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ? ያኔ ጉዳዩ የቦታ ጥበት ነው። በባይፓስ የሚቀረው የጨጓራ ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ስሊቭ በሚባለው ሌላው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። በዚህች ጠባብ ቤት በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማስገባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል። ስለዚህ ወረፋ አለ፣ ቀድሞ የሚገባውም ፕሮቲን ነው። ካርቦሃይድሬት መጀመሪያ ላይ የሚቀረው ወረፋው ስላልደረሰው እንጂ መርዝ ስለሆነ አይደለም። ወራት ሲያልፉ፣ የሚበላው መጠን ሲጨምር፣ ወረፋው ይደርሰዋል።

ባይፓስ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የእህቴን ልጅ ያስፈራትም እሱ ነው። የጤናማ ጨጓራ መውጫ ላይ ምግብን በጥቂት በጥቂቱ የሚያሳልፍ በር አለ። ባይፓስ ያንን በር ይዘለዋል። አንድ ብርጭቆ ጁስ ሲጠጣ ስኳሩ በአንድ ጊዜ ትንሹ አንጀት ውስጥ ይወርዳል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጀት ስኳሩን ለማቅጠን ውኃ ከደም ይስባል፦ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ዋናው አስገራሚ ነገር ግን የሚመጣው ቆየት ብሎ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ነው። አንጀት ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን በብዛት ይለቃል (ኦዜምፒክ የሚባለው መድኃኒት የሚያስመስለው ይህንኑ ሆርሞን ነው)። ቆሽት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ኢንሱሊን ያመነጫል፣ የደም ስኳርም ቁልቁል ይወርዳል።

ልጅቷ ይህን በሰውነቷ ታውቀዋለች፣ ስሙን ነው የማታውቀው። የሰው ልጅ ልደት ላይ የማንጎ ጁስ ጠጣች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ጨለመባት። ስኳሬ ወርዶ ነው ብላ ሌላ ብርጭቆ ደገመች። ተሻላት፣ ከዚያ እንደገና ወረደ። «እግዜር ነው የቀጣኝ፣ ካርብ በልቼ» አለችኝ። እኔ ግን የምሰማው ቆሽቷን ነበር። ስኳር ሲወርድ ጥቂት ስኳር መውሰድ ግድ ነው፤ ነገር ግን በመጠኑ ሆኖ ፕሮቲን ያለው ምግብ ሊከተለው ይገባል። ከተደጋገመ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መንገር ነው።

ታዲያ ምስሩስ? እዚህ ላይ ነው «ካርብ» የሚለው አንድ ቃል የሚከሽፈው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ውስጥ 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ግን ከዚያ ውስጥ 8 ግራም ያህሉ የማይፈጭ አሰር ነው፤ በላዩ ላይ 9 ግራም ፕሮቲን አለው። ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ ስኳሩም ቀስ እያለ ነው ወደ ደም የሚገባው። ጁሱና ምስሩ በፕሮግራሙ ቋንቋ አንድ ስም አላቸው፤ አንጀት ውስጥ ግን የሚተዋወቁ አይመስሉም። ሥጋና እንቁላል ለሚበላ ሰው ይህ ስህተት ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ለጾመኛ ግን ፕሮቲኑ ያለው ካርቦሃይድሬቱ ውስጥ ነው። ካርብ ከተከለከለች ፕሮቲንም ተከለከለች ማለት ነው።

እንጀራው በመሀል ነው ያለው። ጤፍ ከደቂቅነቱ የተነሳ ከነገለባው ስለሚፈጭ ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ስታርቹ ብዙ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ሳያኝኩ ይዋጣል፣ ጠባብ ከረጢት ላይ ተድበልብሎ ያስጨንቃል። ከተበላ ወጡ ቀድሞ፣ እንጀራው ተከትሎ፣ ትንሽ፣ በደንብ ታኝኮ።

የሐኪሙን መጽሐፍ ሳላነሳ ብቀር ግን አይሆንልኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፋቸው ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ሚዛን አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሸው» ማለት ነው። እንዴ! ሚዛንማ ይዋሻል። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ግማሽ ኪሎ ገደማ ግላይኮጅን ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ያቆመ ሰው በሳምንት ውስጥ እስከ 2 ኪሎ ሊያጣ ይችላል፣ አንድ ግራም ስብ ሳይነካ። እንደገና ሲበላ ውኃው ይመለሳል፣ ሚዛኑም «ዋሸህ» ይለዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያሰጋውን ነገር ሚዛን አያሳይም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳምንታት የሚያስመልሰው ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል፤ ቢ1 ሳይሰጠው በስኳር ብቻ ቢረዳ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የዚህ ሰው ሚዛን ግን በየሳምንቱ በደስታ ይወርዳል።

የእህቴ ልጅ ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ተነጋገረች። ምስር በቀን ሁለቴ፣ የአተር ፕሮቲን ዱቄት፣ ሩብ እንጀራ፣ ጁስ የለም። ጾሙን እስከ የት እንደምትይዝ ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰዋለች፤ እሱ ላይ እኔ አልገባም። ፕሮግራሙን ግን አልተወችም። «ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ድምፁን እቀንሰዋለሁ» አለችኝ።